«ሴት ያሳደገው» ያለው ፍሮይድ አይደለም

ስለ አባትነት የተጻፈ «ሴት ያሳደገው» የሚል ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ላከልኝ። ቀጥሎ የአጎቴ ልጅ ከባሕር ዳር «ይኼን አንብበው» ብሎ ላከው። ሦስተኛው ግን በስልክ አልመጣም። ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ክፍለ ጊዜው አልቆ ሰሌዳ ሳጠፋ፣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎታል። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ «መምህር፣ አባት የሌለው ልጅ ኅሊና አይኖረውም የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ።

አባቱ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው።

«አይደለም» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ልጁም አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንዲት «አይደለም» ለዚያ ልጅ እንደማትበቃው ገባኝ። ጽሑፉን ያነበቡና አንብበው ዝም ያሉ ሌሎች ልጆችም አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ለጸሐፊውም ጭምር።

ላላነበበው ሰው የጽሑፉን ሐሳብ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንደኔው የጎጃም ልጅ ነው። አባቶቻችን «ሴት ያሳደገው» ሲሉ የኖሩት ነገር ዛሬ በሳይንስ ተረጋግጧል ይላል። ምስክሩ የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነው፤ የልጅ ኅሊና የሚበቅለው አባቱን ከመፍራት ስለሆነ አባት በሌለበት ቤት ያደገ ወንድ ልክ አያውቅም። ስለዚህ አባት መፈራት አለበት፤ ከልጁ ጋር መሬት ላይ የሚንከባለል አባት ቦታውን ያጣል። ለዚህም የድሮውን የቆሎ ተማሪና የኔታን ይጠቅሳል። ሕፃን የእናቱ ነው፤ ነፍስ እስኪያውቅ አባቱ ባይነካውም ምንም አይጎድልበትም። ቤቱን የሚመግብ አባት ሩቅ ቢኖርም ግዴታውን ተወጥቷል። ሴት ልጅ ደግሞ የእናቷ ናት።

ጸሐፊውን ያነሣሣው ጭንቀት የእኔም ጭንቀት ነው። አባት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው ማለቱን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ሳይኮአናሊሲስ፣ ማለትም ፍሮይድ የመሠረተው፣ የሰውን ልብ ከልጅነቱ ተነሥቶ የሚመረምረው ትምህርት፣ አንድ ዘመን አባትን ረስቶት ነበር ማለቱም ልክ ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ዝነኛ ዘገባ ስለ እናት ብዙ ጽፎ አባትን የእናት ደጋፊ አድርጎ አልፎታል። እዚህ ድረስ አንድ ነን።

የምንለያየው ፍሮይድ ምን አለ በሚለው ላይ ነው።

ፍሮይድ ስለ ኅሊና ሰፋ አድርጎ የጻፈው በ1923 ነው። ሱፐርኢጎ ብሎ ጠራው። በእሱ አባባል ልጅ ከሦስት እስከ አምስት ዓመቱ አካባቢ እናቱን ለብቻው ይፈልጋል። አባቱን እንደ ተቀናቃኝ ያያል፤ ይፈራዋል። ቆይቶ ውድድሩን ይተውና አባቱን መምሰል ይጀምራል። ከውጭ ይመጣ የነበረው «ተው» የሚል ድምፅ ከውስጡ መምጣት ይጀምራል። የኤዲፐስ ነገር የሚባለው ይህ ነው። ጸሐፊው ይህን በትክክል አስቀምጦታል። ግን መሃል ላይ ነው ያቆመው።

በዚያው በ1923 ሥራው፣ ልጅ መጀመሪያ ራሱን የሚያዛምደው ከአባቱ ጋር ነው ባለበት ቦታ፣ ፍሮይድ የግርጌ ማስታወሻ ጨምሯል። ምናልባት «ከወላጆች ጋር» ማለት ይሻል ይሆናል ይላል። በ1930 ደግሞ የበለጠ ይሄዳል። የልጅ ኅሊና ጥብቅነት ወላጆቹ በእሱ ላይ ካሳዩት ጥብቅነት ጋር እኩል አይሄድም፤ በለስላሳ እጅ ያደገ ልጅ እጅግ ጥብቅ ኅሊና ሊኖረው ይችላል ይላል። በ1933 ደግሞ ልጅ የሚወርሰው የወላጆቹን ኅሊና ነው አለ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። እናትም ኅሊና አላት። ለልጇ ታወርሰዋለች።

ይህን የእኛ ሰው ሳያነብም ያውቀዋል። «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» ይባል የለ? ከዳኛ በላይ የሚፈራ አባት ከየት ይመጣል? ልጁ ግን ቀማኛ ወጣ።

ስለ አባት አልባ ልጆች በዓይን የታየ ነገር ከተፈለገም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድና ጓደኛዋ ዶሮቲ በርሊንግሃም ለንደን ውስጥ ሃምፕስቴድ በሚባል ሰፈር የሕፃናት ማቆያ ከፍተው ነበር። ጦርነቱ ከቤታቸው ያወጣቸው ልጆች ናቸው የሚኖሩበት። የብዙዎቹ አባቶች ጦር ሜዳ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በ1944 ባሳተሙት ሥራ የጻፉት ያስገርማል። ልጆቹ የሌለውን አባት አልተዉትም። ያወሩታል። ሥራ ይሰጡታል፤ ይመጣል ይላሉ፤ ጓደኞቻቸው ፊት ይመኩበታል። ከሰሙት ቃልና ከናፍቆታቸው አባት ሠሩ። አባት ቤት ውስጥ ባይኖርም ልጅ ልብ ውስጥ ቦታው አልጠፋም።

ቦታውን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ማነው? እዚህ ላይ ፈረንሳዊው የሳይኮአናሊሲስ ሊቅ ዣክ ላካን ይመጣል። ላካን ብዙ ጊዜ ይከብደኛል፤ ይህች ነገሩ ግን ቶሎ ነው የገባችኝ። በእሱ ዘንድ ለልጅ ዋናው ነገር «የአባት ስም» የሚለው ነው። ይህም በእናትና በልጅ መካከል ገብቶ «ዓለም ሁለታችሁ ብቻ አይደላችሁም» የሚል ሦስተኛ ቦታ ነው። ይህ ቦታ የሚጸናው እናት ለአባት ቃል በምትሰጠው ክብደት ነው። አባት ከልጁ ጋር አንድ ቤት እየኖረ ቃሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሞቶም ቃሉ ሊሠራ ይችላል።

የአባት ስም ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? የእያንዳንዳችን ሁለተኛ ስም የአባታችን ስም ነው። ጎጃም ውስጥ አንድ ልጅ መንገድ ላይ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ነው።

እኔ ተጠይቄአለሁ። ልንገራችሁ።

አባቴ ታሞ ያረፈው አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ያደግኩት ከቡሬ አለፍ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እናቴ ሌላ ባል አላገባችም። የአባቴ ሽመል ከበሩ ጀርባ ቆሞ ቀረ። ቤቱ በተጠረገ ቁጥር ታነሣዋለች፤ መልሳም እዚያው ታቆመዋለች። በዚያ ሽመል አንድ ቀን መታችኝ አልልም።

ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ሳለሁ ከጎረቤት ማሳ አምስት የበቆሎ እሸት ሰረቅኩ። በጋቢዬ ጠቅልዬ ይዤ ስገባ እናቴ ምድጃ ላይ ነበረች። አየችኝ። ዝም ብላ ተነሥታ ሽመሉን አመጣችው። ልትመታኝ መስሎኝ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። ግን እፊቴ አጋደመችውና ተቀመጠች። «ይኼ የማን ነው?» አለችኝ። «የአባባ» አልኳት። «አባትህ በዚህ የሰው እሸት ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። ሲሰርቅ ግን አላየሁትም» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

እሸቱን ይዤ ወጣሁ። ባለ ማሳው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸውም ደከም ብሏል። ማማው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እሸቱን መሬት ላይ አስቀምጬ የሆነውን ተናገርኩ። አተኩረው አዩኝና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ጠራሁ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሱማ ልጁን እንዲህ ነው የሚያሳድገው» አሉ።

አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር።

ላካን የሚለውን በመጽሐፍ ሳነብ እኚያ ሽማግሌ ናቸው ፊቴ የመጡት። ያሳደገችኝ ሴት ናት። አባቴም አሳድጎኛል። እናቴ ቃሉን ስለያዘችለት፣ ጎረቤቱም ስሙን ስለመለሰልኝ። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። እናቲቱን ይሰድባል፤ ሞቶም ሲያሳድግ የኖረውን አባት ይሰድባል።

ደግሞ አባት ማጣት አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ይጎዳል። አሜሪካዊው የሳይኮአናሊሲስ ሐኪም ጀምስ ኸርዞግ ከአባታቸው የተለዩ ትንንሽ ልጆችን አይቶ «የአባት ረኃብ» የሚል ስም አወጣለት። ሌሊት በቅዠት ይነሣሉ፤ አባታቸውን ይጣራሉ። ረኃብ ብሎ መሰየሙ ደስ ይለኛል። ረኃብ ይበላል እንጂ ኅሊና ቢስ አያደርግም። የተራበን ልጅ ደግሞ ያበሉታል እንጂ አይሰድቡትም።

ወደ ፍርሃት ልሂድ። ከጸሐፊው በጣም የምለየው እዚህ ነው።

ፍሮይድ ስለ አባት ፍርሃት ያለውን ያስረዳበት ዋና ታሪክ በ1909 ያሳተመው የአንድ ትንሽ ልጅ ታሪክ ነው። «ትንሹ ሃንስ» ብሎ ነው የሚጠራው። የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ቪየና ነው የሚኖረው። ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ፈራ፤ ከቤት መውጣት እምቢ አለ። በዚያን ጊዜ የቪየና መንገድ በፈረስ ጋሪ የተሞላ ስለነበር ችግሩ ቀላል አልነበረም። ፍሮይድ ፈረሱ በልጁ ልብ የአባቱ ምትክ ነው አለ።

ጸሐፊው ይህን ጠቅሶ «አየህ፣ አባት ይፈራል» ይለናል። የልጁ አባት ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር? ማክስ ግራፍ የሚባል የሙዚቃ ሐያሲ ነው። ልጁን አይገርፍም። አብሮት ይንሸራሸራል፤ ይጫወታል፤ ልጁ የሚለውን ሁሉ ቃል በቃል እየጻፈ ለፍሮይድ ይወስዳል። ልጁን የሚያስፈራራ ነገር ተናግራ የነበረችው እንኳ እናቱ ናት። እንዲህ ያለ ገር አባት የነበረው ልጅ አባቱን ፈራ። ለምን? ፍሮይድ እንደሚለው አባቱን እየወደደ፣ በዚያው ልቡ ደግሞ ከእናቴ ዞር ባለልኝ ብሎ ስለተመኘ ነው። ፍርሃቱ የመጣው ከራሱ ልብ ነው።

ታዲያ ልጅ አባቱን ለመፍራት የአባቱ እርዳታ አያስፈልገውም። አባት ለልጁ በቁመቱ ብቻ ተራራ ነው። በዚያ ላይ ዱላ መጨመር ምን ይሠራል?

ልጁንስ ማን አዳነው? ፍሮይድ ራሱ በሕክምናው ጊዜ ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሥራውን የሠራው አባቱ ነው። ቁጭ ብሎ ሰማው። ልጁ «ፈረስ እፈራለሁ» ሲል አልሳቀበትም፤ «ወንድ አይደለህም እንዴ» አላለውም። ሰማው። ልጁም ፍርሃቱ ለቀቀው። አድጎ ኒው ዮርክ በሚገኘው በሜትሮፖሊታን ኦፔራ የታወቀ አዘጋጅ ሆነ። የተፈራው አባት ያዳነው በጆሮው ነው።

ፍሮይድ ስለ አባት ሲጽፍ ፍርሃትን ብቻም አላነሣም። በ1930 ልጅነት ውስጥ የአባትን ጥበቃ ከመፈለግ የሚበረታ ፍላጎት አይታየኝም ብሏል። የራሱ አባት በ1896 ሲሞት ደግሞ ልቡ ተሰበረ። የሕልም መጽሐፉን የጻፈው ከዚያ ኀዘን ውስጥ እንደሆነ ቆይቶ የገባው ራሱ ነው። አንድ ሰው ጨቋኙን ሲቀብር እንዲህ አይሆንም።

አሁን የቆሎ ተማሪው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ጠርቷል። ምስክሩ ግን የሚመሰክረው ለእኔ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ድማ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው ሲጠራ የማያውቅ የለም። ወደዚያ የሚሄደው ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ሰባት፣ ስምንት፣ አሥር። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ብዙው አባቱ መርቆ የላከው አይደለም። ከብት ጠብቅ ሲባል በሌሊት ጠፍቶ የሄደ ነው። ሰው እንዳያውቀውም ሦስትና አራት ወረዳ አቋርጦ ይርቃል። ማለት፣ ያ ልጅ ከአባቱ ቤት ወጥቷል። በጸሐፊው ሂሳብ ልክ የማያውቅ መሆን ነበረበት። ሊቃውንቱ ግን የወጡት ከዚያ ነው።

ምክንያቱም ሌላ አባት አገኘ። የኔታን።

የኔታ ይገርፋሉ፤ አልክድም። አለንጋው ጠባሳ የተወበት ሰው አውቃለሁ። ግን ተማሪውን እዚያ ያቆየው አለንጋው ነው? አለንጋ ቢሆን ኖሮ ከአባቱ ቤት የጠፋ ልጅ ከዚያም በሌሊት ይጠፋ ነበር። ያቆየው ቃሉ ነው። የቅኔ ተማሪ ከሰዓት ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ማታ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። የኔታ ዓይናቸው የማያይም እንኳ ቢሆን ጆሯቸው የምትዘል ቃል አታመልጠውም። «እዚች ላይ መልሳት» ይላሉ። ልጁ ይመልሳታል። ነገም እንዲሁ። አንድ ቀን ተማሪው ቆሞ ሳይጽፍ ሳያጠና በቃሉ ይዘርፋል። የኔታ ያን ጊዜ ፈገግ ይላሉ። የልጁ ቃል የራሱ ሆነ ማለት ነው። ልጅን ከእናቱ ጉያ አውጥቶ ቃል የሚሰጥ፣ ቃሉንም የራሱ እስኪያደርግ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ። ሳይኮአናሊሲስ አባት የሚለው ይኼን ነው።

አማርኛችንም ይህን ያውቃል። የየኔታን ቦታ «የቀለም አባት» ይለዋል። የክርስትና አባት አለ። የንስሐ አባት አለ። የጡት አባት አለ። የእንጀራ አባት አለ። አንድ ሰው ብቻውን አባትነትን ሁሉ አይሸከምም ብሎ ያመነ ሕዝብ ነው ይህን ሁሉ ስም ያወጣው። ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ የሚባል ተመራማሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በሰላማዊ ውቅያኖስ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ኖሮ ተመሳሳይ ነገር አየ። እዚያ ልጅን የሚቆጣውና የሚያዘው የእናቱ ወንድም ነው። አባቱ ያዝለዋል፤ ያጫውተዋል፤ ወዳጁ ነው። እና እዚያም ልጆች ልክ አውቀው ያድጋሉ። መቆጣትና ማዘል በአንድ ሰው ካልሆነ አይሆንም፣ ወይም አባት የሚያዝል ከሆነ ሥርዓት ይፈርሳል የሚል ሕግ የለም።

ሕፃን የእናቱ ብቻ ነው ለሚለው ግማሹን እሰጣለሁ። የአራስ ቤት የሴቶች ቤት ነው፤ ገንፎው፣ ጭሱ፣ እልልታው የእነሱ ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናት ልጇ ውስጥ ትጠፋለች፤ አባት በዚያን ጊዜ ዙሪያውን ይጠብቅላት ይላል። ግን ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ? ተመራማሪዎቹ ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን በ1964 ላሳተሙት ጥናት ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ 60 ሕፃናትን ተከታትለው ነበር። ሕፃናቱ 18 ወር ሲሞላቸው ሦስት አራተኛው ከአባታቸው ጋርም ተጣብቀዋል፤ አባት ሲወጣ ይነጫነጫሉ። የተጣበቁትም የግድ ካበላቸው ሰው ጋር አልነበረም። ሲጠሩ ከሚመልስላቸው ጋር ነው።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ካለ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ደን የሚኖሩትን የአካ ሕዝቦች ይይ። ተመራማሪው ባሪ ሂውሌት አብሯቸው ኖሮ ቆጥሯል። የአካ አባት ከቀኑ 47 በመቶውን ሕፃኑን አቅፎ ወይም እጁ በሚደርስበት ርቀት ሆኖ ያሳልፋል። አዳኞች ናቸው። መረብ ተሸክመው ነው የሚውሉት። ወንድነታቸውን የነካባቸው የለም።

እኔ ከምኖርበት ግቢ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ሚስቱ ጠዋት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። እሱ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣና የስድስት ወር ልጁን በጋቢው ውስጥ ደረቱ ላይ አስገብቶ ግቢው ውስጥ ይዞራል። ብርድ ነው፤ የሕፃኗ ጭንቅላት ብቻ ይታያል። ዝም ብሎ አይዞርም፤ ያወራታል። «ይኼ ባጃጅ ነው። ይኼ የጋሼ በር ነው። ይኼ ዶሮ ነው።» ዶሮዋ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆማል። ልጅቷም ሁልጊዜ እግሯን ትፈራግጣለች። በሳይኮአናሊሲስ ቋንቋ አባቷ ለልጅቷ፣ እናቷን ሳትለቅ ዓለምን የምታይበት መስኮት ነው። እሱ ይህን አያውቅም። ዶሮዋን ማሳየቱን ግን አይረሳም።

ሩቅ ሆኖ ገንዘብ ስለሚልከው አባት በጥንቃቄ ነው የምናገረው። ከዚህ አካባቢ ስንቱ ሰው ነው ለአረምና ለአጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርደው። ስንቱ ነው አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ያለው። ልጁን ለማብላት የሄደን ሰው ቅር ማሰኘት አልፈልግም። ብሩ ፍቅር አይደለም የሚሉ ሰዎችም ያናድዱኛል። ያቺ ብር ደብተርና ጫማ ናት። ግን ብሩ በቂ ነው ማለትም ሌላ ስሕተት ነው። ዊኒኮት በ1944 በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ አባት ሲናገር ነገሩን በጥሩ ሚዛን አስቀምጦታል። አባት እናት በልጇ ሕይወት ውስጥ የምትተክለውን ሥርዓት ከኋላዋ ቆሞ የሚደግፍ ሰው ነው አለ። የምትተክለው እናት እንደሆነች ልብ በሉ። ለዚህም ሁልጊዜ ቤት መገኘት የለበትም፤ ግን ልጁ አባቴ እውነተኛና ሕያው ነው ብሎ እስኪሰማው ድረስ ብቅ ማለት አለበት አለ።

ብቅ ማለት። ይህች ከመተማም ትቻላለች። ማታ ደውሎ ከሚስቱ ጋር ስለ ብሩ ብቻ አውርቶ የሚዘጋ አለ። «ልጁን ስጪኝ» ብሎ «በሬው እንዴት ነው? ጥርስህ ወለቀች ወይ?» የሚልም አለ። ሁለቱ የሚልኩት ብር እኩል ሊሆን ይችላል።

ስለ ሴት ልጅ ጸሐፊው ሁለት መስመር ነው የጻፈው፤ እኔም ብዙ አልጨምርም። ፍሮይድ ስድስት ልጆች ነበሩት፤ ሥራውን ተቀብላ ያስቀጠለችው የመጨረሻ ልጁ አና ናት። በእኛም አገር የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ቢልም፣ በብዙ ቤት ሽማግሌ ሲመጣ የሚጠየቀው አባት ነው። «ልጄ ትማራለች» ብሎ ሽማግሌ የመለሰ አባት ያላት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ የሌላትም አስተምሬያለሁ። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ ናት ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስለ አባት መጻፍህን አታቁም፤ አባቶች ይጻፍላቸው። ግን ያችን «ሴት ያሳደገው» የምትል ቃል ከርእስህ ላይ አንሣት። በዚህ ዓመት በዚህ አገር በሞትም በስደትም አባት የተለየው ቤት ስንት እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። እነዚያ ልጆች ጽሑፍህን በስልካቸው እያነበቡት ነው።

ያን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። ከላይ የጻፍኩትን በአጭሩ ነገርኩት፤ የሽመሉንም። ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እናቴ የአባቴን ጫማ በየሳምንቱ ቅዳሜ ትጠርጋለች» አለኝ። «የሚያደርገው ሰው የለም። እኔ እግሬ ገና ነው። ግን ትጠርጋለች። ስትጠርግ ደግሞ ስለ እሱ ታወራኛለች።»

ምን እንደምትለው ጠየቅኩት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይለያያል» አለ።